ማርሹ ቢሞትም ሞላው አልሞተም

የሳይክል ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር ነው። 21 ማርሽ ያላት ማውንቴን ሳይክል አለችኝ፣ ያገለገለች ናት። መሪው ላይ ያለው የማርሽ መቀየሪያ ፕላስቲኩ ተሰብሮ ካቴናው ደስ ባለው ሰዓት ራሱ ወደ ትንሹ ጥርስ ይወርድ ጀመር። ሠሪ ጋ ወሰድኳት። እሱም «ማርሽ ለባሕር ዳር ምን ያደርግልሃል፣ ሜዳ አይደል» ብሎ ሁሉንም ፈታታውና ካቴናውን አሳጥሮ በአንድ ጥርስ ብቻ እንድትሄድ አደረጋት። ሁለት ቀን ጥሩ ነበረች። ከዚያ በኋላ ካቴናው በየመቶ ሜትሩ ይወልቃል። እጄ ሁሌ ግሪስ ስለሆነ ሥራ ቦታ ስደርስ ሰው መጨበጥ ትቻለሁ። ተመልሼ ስሄድ «ችግሩ ፍሬሙ ነው፣ ሌላ ፍሬም ግዛ» አለኝ። የተፈታው ዲሬለር (ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚገፋው የኋላው ዕቃ) በፌስታል ተጠቅልሎ አልጋ ሥር አለ። እሱን መልሶ አስሮ ለማርሽ ሳይሆን ካቴና ለመወጠር ብቻ መጠቀም ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

የጣና ልጅ

መልስ፦ እውነት ነው። ያችን ፌስታል ፍታት።

ፍሬም ግዛ ያለህ ሰው በሽታውን አውቆታል፣ መድኃኒቱን ነው የሳተው። እስቲ ከሳይክሏ ኋላ ቁጢጥ በልና የጎማው ፐርኖ የሚገባበትን ስንጥቅ ተመልከት። ከላይ ወደ ታች ነው አይደል? ጎማው ሽቅብ ገብቶ ጥጉ ላይ ቁጭ ይላል፣ ከዚያ ወዲህም ወዲያም የለም። እነዚያ የድሮዎቹ ጥቋቁር ትልልቅ ሳይክሎች ላይ ግን ስንጥቁ አግድም ነው። ካቴናው ሲላላ ዳዶውን ትፈታለህ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ትስባለህ፣ መልሰህ ታስራለህ። ያንተ ፍሬም የተሠራው ካቴናውን ዲሬለሩ ይወጥርልኛል ብሎ ተማምኖ ነው። ዲሬለሩን ስታነሳበት የሚወጥር ነገር አልቀረም።

ታዲያ ካቴናውን በልኩ ብንቆርጠውስ ትል ይሆናል። ካቴና እንደ ገመድ በፈለግከው ቦታ አይቆረጥም። ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ፒን ግማሽ ኢንች ነው፣ 12.7 ሚሊሜትር። አንዱ ዓይን ጠባብ ቀጣዩ ሰፊ ስለሆነ ደግሞ የምትቀንሰው ጥንድ ጥንዱን ነው፣ በአንዴ 25.4 ሚሊሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ወይ ይላላል ወይ አይደርስም። በዕድል ልክ ቢመጣ እንኳ ልክ ሆኖ አይቆይም። ካቴና ተለጠጠ እንላለን እንጂ ብረቱ እንደ ላስቲክ አይለጠጥም፤ ፒኖቹና የሚዞሩበት ቀዳዳ እየተበሉ ነው የሚረዝመው። በእያንዳንዱ ፒን ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ሲፈጠር፣ ወደ መቶ የሚጠጋ ፒን ስላለ፣ ተደምሮ የሚታይ ነገር ይሆናል። ሁለት ቀን ጥሩ ሆና በሦስተኛው የከዳችህ በዚህ ነው።

አሁን ወደ ፌስታሉ። ዲሬለር፣ ብዙ ሰው በደፈናው የኋላ ማርሽ የሚለው፣ ሁለት ሥራ አለው። ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ ይገፋል፤ ካቴናውን ወጥሮ ይይዛል። ለሁለቱም ሥራ የየራሱ ሞላ አለው። ያንተ ላይ የሞተው የመጀመሪያው ሥራ ነው፣ እሱም ቢሆን የተሰበረው መሪው ላይ ያለው መቀየሪያ እንጂ ዲሬለሩ አይደለም። ሁለቱን ፑሊዎች፣ ካቴናው የሚያልፍባቸውን ትንንሽ ጥርሳም ጎማዎች፣ የያዘችውን እጅ ወደ ፊት ገፋ አድርገህ ልቀቃት። ቷ ብላ ከተመለሰች በሕይወት አለች። ልፍስፍስ ብላ ከቀረች አትድከም፣ ከተጣለ ሳይክል ላይ ሌላ ፈልግ። ማርሽ መቀየር የማይችል ዲሬለር ማንም ስለማይፈልገው በርካሽ ይገኛል። ምርጫ ካለህ እጇ አጭር የሆነችውን ውሰድ፣ መሬት ላይ ከሚነሳ ድንጋይና ከሣር ትርቃለች።

ከመግጠምህ በፊት ፑሊዎቹን ፈትተህ በናፍጣ እጠባቸው። በየጥርሳቸው መካከል አቧራና አሮጌ ዘይት ተጋግሮ እንደ ሬንጅ ደርቆ ታገኘዋለህ። መሃላቸው ላይ ጠብታ ዘይት ጨምርና መልስ። ሳትፈታ በፊት ግን ስልክህን አውጥተህ ፎቶ አንሳ፣ የላይኛውና የታችኛው ፑሊ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት አይደሉም። የላይኛው ግራና ቀኝ ትንሽ የሚጫወት ከሆነ አርጅቷል ብለህ እንዳትጥለው። የሳይክል ዕቃ አምራቹ ሺማኖ ሆን ብሎ ነው እንዲያ የሚሠራው፣ ካቴናው መስመሩን ራሱ እንዲያገኝ። ለኛ ሥራ እንዲያውም ተመራጭ ነው።

ቀጥሎ ጥርስ ምረጥ። 21 ማርሽ ማለት ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ጥርስ ነው። የተለመደው የኋላ ፍሪ፣ ማለትም የኋላ ጥርሶቹ ድርድር፣ ላይ ከትንሹ ወደ ትልቁ 14፣ 16፣ 18፣ 20፣ 22፣ 24 እና 28 ጥርስ ታገኛለህ። ከፊት መሃለኛውን ያዝ፣ ከኋላ ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን። ለምን መሃል መሃሉን? ካቴናው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ። ከኋላ ሆነህ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ እይ፤ ካቴናው ከኋላው ጥርስ እስከ ፊተኛው ሳይጣመም መድረስ አለበት። የተጣመመ ካቴና ይንጫጫል፣ ቶሎ ይበላል፣ ጎረቤት ጥርስ ላይ ልውጣ ይላል። ፍሪው ላይ ያሉት ጥርሶች የተሠሩት ካቴና በቀላሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገር ስለሆነ ትንሽ ሰበብ ይበቃቸዋል።

የፊቱ መሃለኛ ስንት ጥርስ እንዳለው አልነገርከኝም። 38 ነው እንበል። 38 ለ18 ስናካፍል ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሁለት ጊዜ ከትንሽ በላይ ይዞራል። ባለ 26 ኢንች ጎማ አንድ ዙሩ ሁለት ሜትር ከጥቂት ሴንቲሜትር ስለሆነ በአንድ የፔዳል ዙር ወደ 4.4 ሜትር ትሄዳለህ። በደቂቃ 70 ጊዜ ብታዞር በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። መሃለኛው 34 ከሆነ ደግሞ ወደ 16 ትወርዳለች። ዘንባባዎቹ ሥር ሥራህ ለመሄድና ለመመለስ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ? ቤዛዊት ኮረብታ ልውጣ ካልክ ግን መሃል ላይ ወርደህ ትገፋለህ፣ ይሄን ከወዲሁ ተስማማ።

አሁን ዋናው ሥራ። ዲሬለሩን መስቀያው ላይ እሰረው። ገመድ ስለሌለው ሞላው ወደ ውጭ፣ ወደ ትንሹ ጥርስ ጎትቶ ያቆመዋል። (በተቃራኒው ወደ ትልቁ የሚሄድ ሞዴልም አለ፣ እምብዛም አያጋጥምህም።) እኛ የምንፈልገው ባለ 18ቱ ጥርስ ሥር ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው። ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ በብሎን። ዲሬለሩ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ፣ አጠገባቸው ኤች እና ኤል የሚሉ የፈረንጅ ፊደላት አሉ። ኤቿ ዲሬለሩ ወደ ውጭ እስከ የት እንደሚሄድ ትወስናለች። በካቻቢቴ ስታጠብቃት ዲሬለሩ ወደ ጎማው እየተጠጋ ይመጣል። ሁለተኛው ጥርስ ድረስ ታደርስህ ይሆናል፣ ሦስተኛው ጋ ሳትደርስ ግን ብዙ ጊዜ ታልቅብሃለች። ውፍረቷና ጥርሷ ተመሳሳይ የሆነ ረዘም ያለች ብሎን ካገኘህ ይሠራል።

ሌላው በገመድ ቁራጭ ነው፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። አሮጌውን የማርሽ ገመድ ፈልግ፤ ጫፉ ላይ የእህል ፍሬ የምታህል የብረት ራስ አለችው። ከራሷ ጀምረህ አንድ ስንዝር ለካና ቁረጥ። በዶለዶመ ፒንሳ አታኝከው፣ ተበታትኖ አላልፍ ይልሃል። ዲሬለሩ ላይ ገመዱ የሚገባበት፣ በእጅ የምትዞር ትንሽ በርሜል አለች። ቁራጩን በውስጧ አሳልፈው፣ ራሷ እዚያው ትቀረቀራለች። ከዚያ ዲሬለሩን በእጅህ ወደ ውስጥ ግፋው፤ የላይኛው ፑሊ ከመረጥከው ጥርስ ጋር ፊት ለፊት ሲገጥም ገመዱን ወጥረህ በማሰሪያው ብሎን ቆልፈው። ትንሽ ከተዛነፈ መፍታት አያስፈልግህም። በርሜሏን ስታላላት ዲሬለሩ ወደ ጎማው ይጠጋል፣ ስታጠብቃት ይርቃል። በመጨረሻ ኤችና ኤልን የቻሉትን ያህል አስጠጋቸው፣ ገመዱ አንድ ቀን ቢበጠስ ዲሬለሩ እንዳይፈናጠር። ከዚህ በኋላ መሪህ ላይ መቀየሪያ የለም፣ ፍሬምህ ላይ ገመድ የለም። ስታያት ራሱ ቀለል ብላ ታምራለች።

ካቴናው። ያንተ ተቆርጧል፣ በዲሬለር ሲዞር ደግሞ ተጨማሪ ርዝመት ይፈልጋል፣ ስለዚህ አይበቃህም። ሠሪው ቁራጩን ካልጣለው ለምነህ ተቀበልና ቀጥል፣ አብረው ያረጁ ስለሆኑ ይስማማሉ። አዲስ ከገዛህ ለ7 ማርሽ የሚሆነውን ቀጭኑን በል። ለቢኤምኤክስ የሚሸጠው ወፍራሙ የዲሬለሩን ጎን እየፋቀ ያናድድሃል። ስትቆርጥ ፒኑን ሙሉ በሙሉ ገፍተህ አታውጣው፣ ጫፉ ዓይኑ ላይ ይቅር። አንዴ ከወጣ መመለሱ የእግዜር ቁጣ ነው።

ርዝመቱን በፑሊዎቹ እጅ ትለካለህ። ካቴናው ተገጥሞ ሲያልቅ እጇ ወደ መሬት ቀጥ ብላ ወይም ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ብላ መቆም አለባት። ወደ ኋላ ከተቀለበሰች ካቴናው ረዝሟል፣ አንድ ጥንድ ቀንስ። ወደ ፊት ተዘርግታ ድርቅ ካለች አጥሯል። የታችኛውን ካቴና በጣትህ ወደ ላይ ስታነሳው እጇ ተከትላ መጥታ ስትለቀው መመለስ አለባት።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔን ያዋረደኝ ነገር። በሁለቱ ፑሊዎች መካከል፣ እጇ ላይ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈች ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ካቴናው ከምላሷ በፑሊዎቹ በኩል ነው ማለፍ ያለበት። እኔ የመጀመሪያዋን ስሠራ በተሳሳተው ጎን አሳለፍኩት። ሳይክሏ ትሄዳለች፣ ግን እንደ ወፍጮ ትፈጫለች። ኩሽኔታ ነው ብዬ የኋላውን ጎማ ፈታሁ፣ ግሪስ ቀየርኩ፣ ገጠምኩ፣ ያው ድምፅ። ፔዳሉን ፈታሁ፣ ያው። ሳምንት ሙሉ። በመጨረሻ ጎማ ሊያስነፋ የመጣ የሰፈር ልጅ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቁጭ ብሎ አይቶ «ካቴናው ብረቷን እየበላት እኮ ነው» አለኝ። ምላሷ ግማሿ አልቃ ነበር።

የፊቱን ዲሬለር ደግሞ ቶሎ ብለህ አትፍታ። ገመዱን አውጣና በራሱ ብሎኖች መሃለኛው ጥርስ ላይ እንዲቆም አድርገህ ተወው፤ ካቴናው ጉድጓድ ላይ ሲዘል ከፊት እንዳይወልቅ እንደ አጥር ያገለግላል። ትርፍ የፊት ጥርሶችን ማውለቅ የሚያምርህ ከሆነ መጀመሪያ በምን እንደተያዙ እይ። ብዙዎቹ ርካሽ ሳይክሎች ላይ በሪቬት የተመቱ ናቸው፣ አይፈቱም፣ ተዋቸው።

ሳትወጣ በፊት ሳይክሏን ገልብጠህ ፔዳሉን በእጅህ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አዙር። ከዚያ ከፍ አድርገህ ኋላዋን መሬት ላይ ሁለት ሦስቴ ጣል ጣል አድርጋት። ካቴናው ካልወለቀ ሂድ ወደ ሥራህ፣ ሰውም ጨብጥ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነኝ። ወንድሜ የሳይክሌን ዲሬለር አንድ ቦታ ላይ አስሮ ካቴና መወጠሪያ ብቻ አድርጎልኛል። አዲስ ካቴናም ገጠመልኝ። ሜዳ ላይ ጸጥ ያለች ናት። ከለገሐር ወደ ፒያሳ ስወጣ ግን ቆሜ ስረግጣት ካቴናው ጠቅ ብሎ ይዘላል። አንዴ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጭቶ አብጦ ነበር። የዲሬለሩ ሞላ ደክሞ ይሆን? ወንድሜ በላስቲክ ልወጥረው እያለ ነው።

መልስ፦ ላስቲኩን ይተወው። «አዲስ ካቴና» ያልሽው ላይ ነው ነገሩ።

ሞላው የሚወጥረው የታችኛውን ካቴና ነው። ስትረግጪ ጎማውን የሚጎትተው የላይኛው ነው፣ እሱ ደግሞ በእግርሽ ጉልበት የተወጠረ ነው፣ ከሞላው ጋር ጉዳይ የለውም። ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ቆመሽ ስትጫኚ የሚዘል ካቴና ብዙ ጊዜ የሚነግርሽ የኋላው ጥርስ መበላቱን ነው። አሮጌው ካቴናና አሮጌው ጥርስ አብረው አርጅተው ተላምደው ነበር። አዲሱ ካቴና ልኩ 12.7 ነው፣ ጥርሱ ግን ተበልቶ ተራርቋል፣ ስለዚህ ሲጫኑት አልያዝ ብሎ ይዘላል። ጥርሱን ቀረብ ብለሽ እይው። ጫፉ ወደ አንድ ወገን ተቀልብሶ እንደ ባሕር ማዕበል ከሆነ አልቆለታል።

ከገንዘብሽ በፊት የሚሞከር ነገር አለ። ፍሪው ላይ ካሉት ጥርሶች ድሮ ማርሽ ስትቀይሪ ብዙም ያልነካሻቸው ይኖራሉ። ወንድምሽ ዲሬለሩን ወደ አንዷ ያዙረው፣ በርሜሏን ወይም የገመዷን ማሰሪያ ነው የሚነካው፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እንዲያውም ለአዲስ አበባ ከሆነ ወደ ትልቁ በኩል፣ ወደ 22 ወይም 24 ቢሄድልሽ ደግ ነው። ከፊት 34፣ ከኋላ 22 ብታደርጉት በአንድ የፔዳል ዙር 3.2 ሜትር አካባቢ ትሄጃለሽ። ቁልቁለት ላይ እግርሽ ባዶውን ይዞራል፣ እሱ እውነት ነው፤ ግን ቁልቁለት ላይ መርገጥ ማን ያስፈልገዋል? ሽሮ ሜዳ ድረስ የምትወጪ ከሆነ በአንድ ማርሽ መኖር ያስደስትሽ እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። እኔ ሐቀኛ ልሁንና፣ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ማርሽ ያለው ሰው እንዲያወልቀው አልመክርም። የአንድ ማርሽ ነገር ለባሕር ዳር፣ ለሐዋሳ ነው የሚያምረው።

ሌላው መንገድ ፍሪውን በሙሉ አውልቆ ባለ አንድ ጥርሷን የቢኤምኤክስ ፍሪ ማሰር ነው። ፍሪሽ እንደ ብሎን እየዞረ የሚታሰር ዓይነት ከሆነ የማሰሪያው ጥርስ አንድ ስለሆነ ይገባል። ካቴና የሚይዘው ጥርሷ ረጅምና ሙሉ ስለሆነ ካቴና አይዘልባትም። ብቻ ወደ ጎማው ተጠግታ ስለምትቀመጥ ከየትኛው የፊት ጥርስ ጋር ቀጥ እንደምትል በዓይን ለክታችሁ ግዙ። ካቴናውም ሆነ ጥርሱ ደህና ሆኖ አሁንም ከዘለለ ደግሞ ከዲሬለሩ መስቀያ አጠገብ ያለችውን ሦስተኛዋን ብሎን አላሉ፣ የላይኛው ፑሊ ወደ ጥርሱ ይጠጋና ካቴናው ጥርሱን ይበልጥ አቅፎ ይይዛል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ይሄን ያዢ። ማስመሪያ ካቴናው ላይ አስተኚና የመጀመሪያውን ጫፍ ፒን ላይ አድርጊ። 12 ኢንቹ ጋ ልክ 24ኛው ግማሽ ኢንች ስለሚያልቅ ሌላ ፒን መገኘት አለበት። ፒኑ ከመስመሩ 1.6 ሚሊሜትር አልፎ ከሄደ ካቴና ቀይሪ። 3 ሚሊሜትር እስኪያልፍ ከጠበቅሽ ጥርሱንም አብረሽ ትገዢያለሽ፣ አሁን እንደሆነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ጋራዤ ውስጥ የቆመች ባለ 10 ማርሽ የድሮ የእሽቅድምድም ሳይክል አለችኝ፣ ብረት ናት፣ እኔም እሷም አርጅተናል። ለልጅ ልጄ በአንድ ማርሽ የምትሄድ ላድርጋት ብዬ ነበር። ዲሬለሩን መወጠሪያ ማድረግ ይሻላል ወይስ ለዚሁ የተሠራውን ዕቃ ልግዛ?

መልስ፦ ጌታዬ፣ ሁለቱም አያስፈልግዎትም። በዚያ ዘመን የተሠሩ የብረት ሳይክሎች አብዛኞቹ ላይ የኋላው ስንጥቅ አግድም ወይም ወደ አግድም ያደላ ነው። ወርደው ይዩት። እንዲያ ከሆነ ዲሬለሩን አውልቀው ያስቀምጡ፣ ካቴናውን ያሳጥሩ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ስበው ይሰሩ። በፊቱና በኋላው ጥርስ መካከል ካቴናውን ሲጫኑት አንድ ሴንቲሜትር ያህል መላላት አለበት፤ እንደ ክራር ገመድ አይወጥሩት፣ ኩሽኔታውን ይበላዋል። የኋላው ጎማ በእጅ በሚታጠፍ መቆለፊያ የሚታሰር ከሆነ ልጁ ቆሞ ሲረግጥ ጎማው እንዳይንሸራተት በደንብ ይጠብቅ፣ ዳዶ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ከዚህ በፊት የነበረውን ዘመን ካነሳን አይቀር፣ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ዲሬለር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ከዚያ በፊት ተወዳዳሪዎቹ ዳገት ሥር ሲደርሱ ወርደው የኋላውን ጎማ ፈትተው ይገለብጡት ነበር፤ በአንዱ ጎን የሜዳ ጥርስ፣ በሌላው የዳገት ጥርስ ስለነበረው። ጎማውን ገልብጠው ካቴናውን መልሰው የሚወጥሩት በዚያ አግድም ስንጥቅ ነው። የልጅ ልጅዎ የሚነዳት እንግዲህ እንደዚያች ያለች ናት።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነኝ። ዲሬለሬን መወጠሪያ አድርጌ ኋላ ላይ ፊክሲ ጥርስ ልበይድበት እፈልጋለሁ፣ እግሬን ሳቆም ጎማውም እንዲቆም። ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። እንዳትሞክረው።

ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትይዘው የሚጎተተው የታችኛው ካቴና ነው፣ ዲሬለሩ ያለበት። ሞላው የተሠራው ላላ ያለ ካቴና ለመሰብሰብ እንጂ የአንተንና የሳይክሏን ክብደት ለማቆም አይደለም። እጇ ወደ ፊት ተዘርግታ ትጣመማለች ወይም ዲሬለሩ ተገንጥሎ ጎማው ራጂ ውስጥ ይገባል፣ ያኔ ጎማው በእርግጥ ይቆማል፣ አንተ ግን አትቆምም። ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ፍሬን ያላቸው ጎማዎችም ያው ናቸው፣ ዲሬለር አብሯቸው አይሄድም። ፊክሲ ከፈለግክ አግድም ስንጥቅ ያለው ፍሬም ፈልግ፣ ጥርሱም በብየዳ ሳይሆን ለዚያው በተሠራ ጎማ ላይ በመቆለፊያ ቀለበት ይታሰር። ያኔም ቢሆን የፊቱን ፍሬን አትፍታው።